የዱር ሽምብራና የማሳ ሽምብራ በአንድ መደብ፤ የአዘዞ ጓሮ ማስታወሻ

ነሐሴ፤ ዘሩ እጄ ገባ

ዘሩ በትንሽ ፖስታ መጣ። በዕፅዋት ዘር ላይ ማስተርሱን የሚሠራ ወዳጄ ነው ከጥናቱ የተረፈውን ያካፈለኝ። ውለታውን አልረሳም። የሻይ ማንኪያ እንኳ አይሞላም። ፍሬው ትንሽ፣ ክብ ቢጤ፣ ጠቆር ያለ ነው። ለማያውቅ ሰው ሽምብራ ነው ቢሉት አያምንም።

ሳይንሳዊ ስሙ ሲሰር ኩኒያተም ነው። የአገራችን የዱር ሽምብራ። ከኢትዮጵያ ሌላ ወደ ሰሜን እስከ ግብፅ፣ ከቀይ ባሕር ማዶ ደግሞ በደቡብ ምዕራብ ዓረቢያ ይበቅላል። የትም ቢሆን ግን እንደ ልብ የሚገኝ አይደለም። ስሙ በሳይንስ መዝገብ የገባው እ.ኤ.አ. በ1847 ነው፤ እኛ ግን ሽምብራ በምናመርትበት አገር ውስጥ ሆነን የሚያውቀው ሰው ጥቂት ነው። ባዮሎጂ አስተምራለሁ፤ እኔም ራሴ በቅርቡ ነው የሰማሁት።

ከጎኑ የምዘራቸው ሁለት የማሳ ሽምብራዎች አሉ። አንዱ አጎቴ ከደምቢያ የላከልኝ የአገር ዘር ነው፤ ትንሽ፣ ቡናማ፣ ሾጠጥ ያለ፣ ዴሲ ከሚባለው ወገን። ሌላው አረርቲ የሚባለው ነጩ ነው፤ የካቡሊ ወገን፣ ከደብረ ዘይት ምርምር የወጣ።

ሦስቱም ዓመታዊ ናቸው። ሦስቱም 16 ክሮሞዞም አላቸው። ከአዝመራው ሽምብራ ጋር የሚመደቡት ዓመታዊ የዱር ዝርያዎች ስምንት ናቸው፤ ከእነዚህ አንዱ ይሄ የእኛው ነው። የማሳው ሽምብራ ወላጅ ግን እሱ አይደለም። ወላጁ በደቡብ ምሥራቅ ቱርክ የሚበቅለው ሲሰር ሬቲኩላተም ነው፤ ላዲዚንስኪ የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1975 ነው የገለጸው። ሽምብራ በዚያ አካባቢ ከ10 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ከዱር ወደ ማሳ ገባ፤ ወደ እኛ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ስለዚህ እዚህ የማስተያየው ወላጅና ልጅን ሳይሆን የሩቅ ዘመዳሞችን ነው። ይህን ከመጀመሪያው መለየት ያስፈልጋል፤ አለበለዚያ ያየሁትን ልዩነት ሁሉ «ገበሬው ያመጣው ነው» ወደማለት ይወስደኛል።

የማብቀል ሙከራ

ሦስቱንም እርጥብ ጥጥ ላይ፣ በሻይ ሳህን አድርጌ መስኮት አጠገብ አኖርኩ። የማሳዎቹ ሽምብራዎች አድረው አበጡ። ነጩ ከሁሉም ቀደመ። በሁለት በሦስት ቀን ሥር አወጡ።

የዱሩ ንቅንቅ አላለም። ጥጡ ላይ እንደተቀመጠ ነው። በጥፍር ስጫነው ጠጠር ነው። ውሃ እየቀየርኩ ብዙ ጠበቅሁ፤ ምንም። አልሞተም፤ ውሃ አላስገባም እንጂ። የፍሬው ልባስ ውሃ የማያሳልፍ ነው። ዱር ላይ ይሄ ልባስ በጊዜ፣ በፀሐይ፣ በአፈር ፍትጊያ እየሳሳ ነው ውሃ የሚያስገባው። አንዱ ዘንድሮ፣ አንዱ ለከርሞ፣ አንዱ ከዚያም በኋላ ይበቅላል። ዝናብ ቢያታልል፣ ድርቅ ቢመጣ፣ ከብት ቢግጠው ሁሉም አንድ ላይ አያልቅም።

ማሳ ላይ ግን ይሄ ጠባይ አይሆንም። ገበሬ የዘራው በአንድ ሳምንት ካልበቀለለት ዘሩን እንደጣለ ይቆጥረዋል። ሳይበቅል የቀረው ዘር ለመኸርም አልደረሰም፣ ለከርሞ ዘርም አልተቀመጠም። በዚሁ መንገድ፣ ማንም ሳያስብበት፣ ጠንካራው ልባስ ከማሳ ወጣ።

በመጀመሪያ የሞከርኩት አናጺ እንጨት የሚያለሰልስበትን ብርጭቆ ወረቀት ነው። አንዱ 40 ብር። ፍሬው ክብ ስለሆነ ከጣት ያመልጣል። ወረቀቱን ቆርጬ በክብሪት ቀፎ ውስጥ ዙሪያውን ለጠፍኩና ፍሬዎቹን አስገብቼ ናጥኩት። ግማሹ ተፋቀ፣ ግማሹ እንደነበረ ነው። አንዳንዱ አበጠ።

ከዚያ ወደ ጥፍር መቁረጫ ሄድኩ። የተሻለው መንገድ ይሄ ሆነ። ፍሬውን በመንቀሻ ትይዛለህ፤ «ዓይኑን» ትፈልጋለህ፤ ከሱ ተቃራኒ በኩል ልባሱን ብቻ ትንሽ ትገምጣለህ። ጥልቅ ከሆነ ውስጡን ትጎዳዋለህ። የተነካው ቦታ እንደ መርፌ ቀዳዳ ነው፤ ከስሩ ክሬም መልክ ያለው ሥጋው ይታያል። ጠዋት ገምጬ ያኖርኩት ማታ ሳየው በቀዳዳው ዙሪያ ልባሱ ተጨማዷል። በማግስቱ ፍሬው እጥፍ ሆኖ ልባሱን ተርትሮታል። ከዚያ በኋላ ነጭ ሥሩ ሲወጣ ከማሳው ሽምብራ በምንም አይለይም። ያን ሁሉ ጊዜ ሙሉ ጤነኛ ሆኖ ነበር ማለት ነው።

ሁሉንም ግን አልገመጥኩም። ከፊሉን ባለበት በፖስታው መልሼዋለሁ።

መስከረም፤ መደቡ

የአዘዞ አፈር ዋልካ ነው። ክረምት ላይ ይቋጥራል፤ በጋ ላይ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል። የሽምብራ አገሩ ግን ይሄው ነው። ደምቢያም፣ ጎንደር ዙሪያም ሽምብራ የሚዘራው ዝናቡ ሊወጣ ሲል፣ አፈሩ በያዘው እርጥበት ነው። አጎቴ በስልክ ደጋግሞ ያለኝ ይሄንኑ ነው።

«አንተ ልጅ፣ ሽምብራ ውሃ ሲሸሽ ነው የሚዘራ። ዝናብ ላይ ከጣልከው በስብሶ ይቀራል።»

«ጋሼ፣ መደቡን ከፍ ባደርገውስ?»

«ከፍ አድርገው፣ ቦይም አውጣለት። እሱም ቢሆን ጊዜውን ጠብቅ።»

መደቡን ሁለት ክንድ ያህል ስፋት ሰጠሁት፤ ከፍታው አንድ ስንዝር ነው። በሁለቱም ጎን ቦይ አወጣሁ። አሸዋ በጋሪ ለማስመጣት 350 ብር ከፈልኩ፤ ለዱሩ በሚሆነው ጫፍ ላይ ትንሽ ቀላቀልኩበት። ማዳበሪያ አላደረግሁም። ሽምብራ ናይትሮጅኑን ከአየር የሚያገኘው በሥሩ ላይ ካሉት ባክቴሪያዎች ጋር ሆኖ ነው፤ ዩሪያ ብሰጠው ያንን ሥራ ይተወዋል፤ እኔ ደግሞ ያንን ነው ማየት የምፈልገው። ከአጎቴ ማሳ አንድ ፌስታል አፈር አስመጥቼ በመደቡ ላይ በተንኩ፤ ሽምብራ የለመደ አፈር ባክቴሪያውን ይዞ ይመጣል።

ሦስቱንም በአንድ ቀን ዘራሁ። በማግስቱ ኃይለኛ ዝናብ ጣለ። ቀጠለም። ቦዮቹ ጠቅመዋል፤ ያም ሆኖ ነጩ አረርቲ አብዛኛው አፈር ውስጥ በሰበሰ። ቆፍሬ ሳየው ልባሱ ሟሙቷል። የደምቢያው ቡናማ ግን ከሞላ ጎደል ወጣ። ምክንያቱ ልባሱ ነው። ዴሲ ወፍራም፣ ታኒን የሚባል ውህድ ያለው ልባስ አለው፤ ቀለሙም የሚመጣው ከዚያ ነው። ሻጋታን ይከላከልለታል። ካቡሊ ላይ ሰዎች ነጭና ስስ ልባስ መርጠዋል፤ ቶሎ ይበስላል፣ ለዓይን ያምራል፤ እርጥብ አፈር ላይ ግን ጋሻ የለውም።

የሦስቱን ልባስ ጎን ለጎን ሳያቸው ነገሩ ግልጽ ሆነልኝ። ዱሩ ውሃም አያስገባም፣ ዴሲው ውሃ ያስገባል ግን ይከላከላል፣ ካቡሊው ሁሉን ከፍቶ ይጠብቃል።

ነጩን አፈሩ ጠፈፍ ሲል እንደገና ዘራሁት። በጊዜ አይነጻጸርም፤ በቅርፅ ግን ይነጻጸራል።

ጥቅምት፤ ቅጠልና ጠምጣሚ

እስከዚህ ድረስ ከሩቅ ያየ ሰው አይለያቸውም ነበር። አሁን ተለያዩ።

የማሳው ሽምብራ ቅጠል ጥንድ ጥንድ እየሆነ ሄዶ ጫፉ ላይ በአንዲት ቅጠል ይዘጋል። የዱሩ ቅጠል ጫፉ ላይ ቅጠል የለውም፤ ቀጭን ጠምጣሚ ክር ነው ያለው። መጀመሪያ ቀጥ ብሎ ይወጣል፤ የሆነ ነገር ሲነካ ይጠመጠማል። አንዱ ክር የጎረቤቱን የደምቢያ ሽምብራ ግንድ ይዞ ሳገኘው በማጉያ ሌንስ ብዙ አየሁት። የነካው ጎን ሸብሸብ ብሏል፣ ውጪው ጎን ተዘርግቷል፤ በዚያ ልዩነት ነው የሚዞረው። ከግንዱ ላይ ላላቅቀው ብሞክር ክሩ ይበጠሳል እንጂ አይለቅም።

ከገበያ ቀርከሃ ገዛሁ፤ 180 ብር። ሰንጥቄ እያንዳንዱ የዱር ተክል አጠገብ ተከልኩ። ወዲያው ወጡበት። ማሳዎቹ ቁጥቋጦ መስለው ሰፍተው ከጉልበት በታች ቀሩ፤ ዱሩ ቀጥ ብሎ እየረዘመ ነው።

የሚወጣ ሽምብራ ለገበሬ አይመችም። እርስ በርሱ ተጠላልፎ ሲነቀል ይበጣጠሳል። ዱር ላይ ግን በሣርና በቁጥቋጦ መሃል ብርሃን የሚያገኘው በዚሁ ነው።

ሽምብራ እሸት ነቅሎ የበላ ሰው እጁ ላይ የሚቀረውን ጎምዘዝ ያለ ነገር ያውቃል። በቅጠሉ ላይ ያሉት ጥቃቅን ጸጉሮች አሲድ ያመነጫሉ፤ በዋናነት ማሊክ አሲድና ኦክሳሊክ አሲድ። ከትምህርት ቤት አሲድ ሲነካው የሚቀላውን ሰማያዊ ሊትመስ ወረቀት አመጣሁና በጠዋት፣ ጤዛው ሳይደርቅ ነካሁባቸው። ማሳዎቹ ላይ ወዲያው ቀላ። ዱሩም ላይ ቀላ። ይሄንን ማሳው አልጣለውም ማለት ነው። ተማሪዎቼን በማግስቱ አምጥቼ አሳየሁ፤ አንዷ ቅጠሉን ልሳ «ቲቸር፣ እሸቱን ራሱን ነው!» አለች።

ለጊዜው የሚያሳስበኝ ከነጩ ላይ የታየው መጠውለግ ነው። ከታች ጀምሮ ቢጫ ይሆንና ቀጥ ብሎ ይደርቃል። አንዱን ነቅዬ ግንዱን በምላጭ ሰነጠቅሁት፤ መሃሉ ጠቁሯል። አጠውልግ ነው፤ ፉዛሪየም የሚባለው ፈንገስ የሚያመጣው። ከአፈር ነው የሚነሳው፤ መድኃኒት ቢረጩበት ዋጋ የለውም። የታመመውን ከነአፈሩ አውጥቼ አቃጠልኩ። ዱሩ ላይ እስካሁን አልታየም። ጥቂት ተክል ይዞ «ይቋቋማል» ማለት አይቻልም፤ ግን በየዕለቱ አያቸዋለሁ።

ኅዳር፤ አበባ፣ ትልና መዳቀል

የደምቢያው ቀድሞ አበበ፤ ሮዝ ወደ ሐምራዊ። አረርቲ ነጭ። ዱሩ ዘግይቶ፣ በጣም ትንሽ አበባ አወጣ። በስልክ ካሜራ ለማንሳት ሌንሱን በላዩ ማስደገፍ ነበረብኝ።

ጓይ ትል መጣ። የእሳት እራቷ ሌሊት እንቁላሏን ትጥላለች፤ ትሉ ፍሬ የያዘውን ከረጢት ቀድዶ ጭንቅላቱን አስገብቶ ይበላል። ጠዋት ጠዋት በእጄ ለቀምኩ። ከዚያ አሮጌ አጎበር በመደቡ ላይ ዘረጋሁ፤ ጠርዙን በድንጋይ ያዝኩት። ረድቷል፤ ወፍም ከለከለልኝ። ወጪ የለውም።

በዚሁ ሰሞን ለማዳቀል ሞከርኩ። እንደማይሳካ ከጽሑፍ አውቃለሁ። ከማሳው ሽምብራ ጋር በቀላሉ የሚዳቀለው ወላጁ ሬቲኩላተም ነው፤ ሌላው የቱርክ ዝርያ ኤኪኖስፐርመምም በተወሰነ ችግር ይዳቀላል። የእኛው ከዚያ ውጭ ነው። ግን እንቅፋቱ የት ላይ እንደሆነ በዓይኔ ማየት ፈለግሁ። ሽምብራ አበባው ሳይከፈት ራሱን በራሱ ያዳቅላል፤ ስለዚህ እንቡጥ ሳለ በመንቀሻ ከፍተህ ወንዴውን አንድ በአንድ ታወጣለህ። እጅ የሚያንቀጠቅጥ ሥራ ነው። ከዚያ የዱሩን ብናኝ ቀባሁበት፤ ክር አሰርኩ። ሁሉም ደርቀው ወደቁ። ለማረጋገጫ በደምቢያው ብናኝ የቀባኋቸው ሁለቱ ፍሬ ይዘዋል፤ ስለዚህ አሠራሩ ይሠራል።

ከየዓይነቱ አንድ አንድ ተክል ነቀልኩ። በባልዲ ውሃ ውስጥ አዘፍዝፌ አፈሩን ቀስ ብዬ አራገፍኩ። በማሳዎቹ ሥር ላይ ያለው፣ ባክቴሪያዎቹ የሚኖሩበት ዕባጭ ብዙ ነው፤ በምላጭ ሲቆረጥ ውስጡ ደም መሳይ ሮዝ ነው፤ እየሠራ ነው ማለት ነው። በዱሩ ላይ ጥቂትና ትንንሽ ነው የነበረው፤ ግማሹ ውስጡ ነጭ። አጎቴ ማሳ ያለው ባክቴሪያ ለማሳው የለመደ ነው፤ ለዱሩ የሚስማማው ከራሱ አገር አፈር ጋር መምጣት ሳይኖርበት አይቀርም። ይሄን ለሚቀጥለው ዓመት ይዤዋለሁ።

ታኅሣሥ፤ የሚፈነዳው ከረጢት

የማሳው ከረጢት አጭርና የተነፋ ነው፤ አንድ ወይም ሁለት ፍሬ ይይዛል። ሲደርቅ እንዳለ ይቆያል። የዱሩ ረዘም ያለ ነው፤ ብዙ ጥቃቅን ፍሬ ይደረድራል። ሲደርቅ ለሁለት ተሰንጥቆ እየተጠመዘዘ ፍሬውን ይጥላል። አንድ ረፋድ ላይ ደረቅ ነፋስ ነበር፤ ከጎኑ ቁጭ ብዬ እያለሁ «ጧ» የሚል ቀጭን ድምፅ ሰማሁ፤ ፍሬው ከአጎበሩ ጋር ተጋጭቶ ወደቀ።

ፍሬው መሬት ከገባ አይገኝም። ዋልካው በዚህ ወር ተሰነጣጥቋል፤ የገባው እንደገባ ነው። በመጀመሪያ ከሥሩ ማዳበሪያ ጆንያ አነጠፍኩ፤ ነፋስ ገለበጠው። ቀጥሎ ከአጎበሩ ቁራጭ ትንንሽ ኪስ ሰፍቼ ያልደረቁትን ከረጢቶች አለበስኳቸው፤ በክር አሰርኩ። ለእያንዳንዷ ኪስ ጊዜ ይወስዳል፤ ግን ከዚያ ወዲህ የጠፋ የለም። ቢጫ ሲሆን ቀድሞ ቆርጦ ጥላ ላይ ማድረቅም ይቻላል፤ እሱ ለከፊሉ ሠርቷል።

ጥር፤ መንቀልና መመዘን

ሽምብራ አይታጨድም፤ ይነቀላል። አጎቴ ለዚሁ መጣ። በጠዋት፣ ጤዛ ሳለ መነቀል እንዳለበት እሱ ነው ያሳየኝ፤ ፀሐይ ከወጣ ይረግፋል። ዱሩን ሲያይ ረጅም ጊዜ ዝም ብሎ ቆየ። ጠምጣሚውን በጣቱ ነካካው። «ይሄ ጓያ ነው ብዬ ነቅዬ የጣልኩት ይሆናል እኮ» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ከሩቅ ጓያ ይመስላል፤ ጓያም ጠምጣሚ አለው። የሚለየው ቅጠሉ ዳር ዳሩ ጥርስ ማውጣቱና በጸጉር መሸፈኑ ነው፤ የጓያ ቅጠል ረጅም፣ ቀጭንና ለስላሳ ነው። ሁለቱን አንድ ላይ ፎቶ አንስቼ ስልኩ ላይ ጫንኩለት። ለልጆቹም እንዲያሳይ ነገርኩት።

ለመመዘን የወጥ ቤቱ ሚዛን አልሠራም፤ የዱሩን ሲጭኑበት ዜሮ ነው የሚለው። ከተማ ወጥቼ አንድ ወርቅ ቤት ገባሁ። ባለሱቁ ጨዋ ሰው ነበር፤ ፍሬዎቹን በወርቅ መያዣው ወረቀት ላይ ዘርግቶ አንድ በአንድ መዘነልኝ፤ ገንዘብም አልቀበልም አለ። የደምቢያው አንድ ፍሬ የዱሩን አራት አምስት ያህል ይመዝናል። አረርቲ ደግሞ የደምቢያውን እጥፍ ገደማ።

የዱሩን አንድ ፍሬ እንኳ አልቀመስኩም። በወጣው ልክ መልሶ መዝራት ይበልጣል።

ዘሩን በሦስት ከፍያለሁ። አንዱ ለወዳጄ ይመለሳል፤ በእሱ በኩል አዲስ አበባ ወደሚገኘው የብዝኃ ሕይወት ጂን ባንክ ይገባል። ይሄ ባንክ እ.ኤ.አ. በ1976 የተቋቋመ ነው። ለምን አንድ ቦታ ብቻ እንደማይበቃ ከሶርያ ታይቷል፤ ሐለብ አጠገብ የነበረው የኢካርዳ (የደረቅ አካባቢዎች ዓለም አቀፍ የግብርና ምርምር ማዕከል) የዘር ባንክ የሽምብራና የዱር ዘመዶቹን ጨምሮ ትልቅ ስብስብ ነበረው። ጦርነቱ ሲመጣ ሠራተኞቹ ሊሠሩበት አልቻሉም። ቀድሞ ኖርዌይ፣ ስቫልባርድ ባለው የዓለም የዘር ማከማቻ ያስቀመጡት ቅጂ ስለነበር እ.ኤ.አ. በ2015 ከዚያ አውጥተው በሊባኖስና በሞሮኮ እንደገና ማባዛት ጀመሩ። ቅጂ ባይኖር ኖሮ የማሳ ሽምብራውን ከገበሬ ቤት መልሶ መሰብሰብ ይቻል ይሆናል፤ የዱሩን ግን ከየት?

ሁለተኛው ክፍል በደረቅ ብልቃጥ፣ ከስሩ የተቆላ ሩዝ ተደርጎ እርጥበት እንዳይይዝ፣ እኔው ጋ ይቆያል። ሦስተኛው ለመጪው መስከረም ነው። እሱን በሁለት መደብ አደርገዋለሁ። በአንዱ ላይ ልባሱን ገምጬ እዘራለሁ። በሌላው ላይ ምንም ሳልነካው እበትነዋለሁ፤ ምልክት ተክዬበት ስንቱ በመጀመሪያው ዓመት፣ ስንቱ በሁለተኛው እንደሚወጣ እመዘግባለሁ። መሬቱን እስከዚያ ማንም እንዳይቆፍረው እናቴን ለምኛታለሁ፤ ጎመኗን ወደ ሌላኛው ጥግ ታዛውራለች።

ወዳጄ ደግሞ ዱሩ ከተሰበሰበበት ቦታ ትንሽ አፈር ሊያመጣልኝ ቃል ገብቷል፤ የሥሩን ዕባጭ በዚያ አፈር እንደገና አያለሁ።